በጓሯችን ያሉ ዝንቦችን መለየትና መመዝገብ

በካኩማ ካምፕ ጓሮ ለሚያለሙ ነዋሪዎች የቀረበ ንግግር



ውኃ የሚቀዳበት ሰዓት መሆኑን እናውቃለን፤ ስለዚህ ተራው የደረሰበት ሰው ጀሪካኑን ይዞ ቢነሣ ቅር አይለንም።

እኛ ልጆች «ዝንብ ቆጣሪዎች» የሚል ስም ያወጡልን ሰዎች ነን። ትልልቆቹ ደግሞ «ዝንብ ቢሰበሰብ ጋን አይከፍትም» እያሉ ይቀልዱብናል። ቀልዱን ለምደነዋል። ዛሬ ግን የመጣነው ለማሳቅ አይደለም። በሰጠነው የተሳሳተ ምክር የሰው ጎመን አጥፍተናልና፣ ጥፋታችንን በጎረቤቶቻችን ፊት መናገር፣ ከዚያ ወዲህ የተማርነውንም ማካፈል ይገባናል ብለን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ስንጀምር አራት ሰዎች ነበርን፤ አራታችንም በጆንያ ጎመን እናበቅላለን። ጆንያውን በአፈርና በፍግ ሞልቶ፣ መሐሉን ጠጠር አድርጎ፣ ጎኑን በስቶ ችግኝ መትከልን እዚህ ላለ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ራሽን በተቀነሰ ጊዜ ወጥ የሚሆነው በዕቃ እጣቢ ያደገው ያ ጎመን መሆኑንም ሁላችሁ ታውቃላችሁ። እንግዲህ በዚያ ጎመን ላይ ክሽክሽ ወረደ። ከቅጠሉ ሥር ተጣብቆ ጭማቂውን የሚመጥ፣ ቅጠሉን የሚያኮማትር ያ ጥቃቅን ነፍሳት ማለታችን ነው። በክሽክሹ መሐል ሌላም ነገር አየን፤ እግር የሌለው፣ ጭንቅላቱ የማይለይ፣ ከፊቱ የቀጠነ፣ አረንጓዴ የመሰለ፣ ከሩዝ ፍሬ ትንሽ የሚበልጥ ትል።

ደብተራችን ላይ «የጎመን ትል፣ ጎጂ» ብለን ጻፍን። በዚህም አላበቃንም፤ በየጓሮው እየዞርን ልቀሙት፣ ግደሉት አልን። ብዙዎቹ ሰሙን። አንዲት እናት ብቻ «ልጆቼ፣ ይኼ ትል ክሽክሽ ባለበት እንጂ በሌለበት አይገኝም፤ ጎመኑን ሲበላም አላየሁት፤ ተዉት ባይሆን» አሉን። እኛ ደግሞ ደብተር ይዘናልና ደህና አድርገን አስረዳናቸው። እሳቸውም ፊታችንን ላለማሳፈር ብለው ለቀሙት። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የሦስት ጆንያ ጎመናቸው ክሽክሽ ለብሶ፣ ቅጠሉ ተጠቅልሎ ቀረ። የልጅ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ እናት ናቸው። ያን ወር ጎመን ከገበያ ገዙ።

ያስተማሩንም እኚሁ እናት ናቸው። ከትሉ አንድ ተርፎ ስላገኙ፣ ክሽክሽ ካለበት ቅጠል ጋር በብልቃጥ ከተቱትና አፉን በነጠላ ቁራጭ አሰሩት። ጠዋት ጠዋት ትኩስ ቅጠል ይጨምሩለታል። ጠርተውን ሄደን አየን። ትሉ ክሽክሹን በአፉ ይዞ ወደ ላይ ያነሣውና ይመጠዋል፤ ሲጨርስ ባዶ ቆዳውን ይጥለዋል፤ ከዚያም ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ቅጠሉ ላይ ተጣብቆ የውኃ ጠብታ ቅርጽ ያዘ። ሳምንት ያህል ቆይቶ ከዚያ ጠብታ ውስጥ የወጣው ቢጫና ጥቁር መቀነት የታጠቀ፣ ንብ የሚመስል ዝንብ ነበር።

ይህ ዝንብ ሲርፊዴ ከሚባለው ቤተሰብ ነው። እኛ የአበባ ዝንብ እንለዋለን፤ ካደገ በኋላ የሚመገበው የአበባ ወለላና ብናኝ ስለሆነ። እናቲቱ እንቁላሏን አንድ አንድ እያደረገች ክሽክሽ አጠገብ ትጥላለች፤ ከእንቁላሉ የሚወጣው እጭም እስኪያድግ ድረስ በመቶ የሚቆጠር ክሽክሽ ይጨርሳል። እኛ በእጃችን ያስለቀምነው ያለ ደመወዝ የሚሠራውን ጠባቂ ነው ማለት ነው።

እንግዲህ እንዳትሳሳቱ ሁለቱን ትሎች ጎን ለጎን እናስቀምጥላችሁ። ቅጠል የሚበላው ትል የቢራቢሮና የእሳት እራት ልጅ ነው። ጭንቅላት አለው፣ እግር አለው፣ ቅጠሉን ይበሳዋል፤ ትንሹ አረንጓዴው ደግሞ ሲነካ ይወራጭና በክር ተንጠልጥሎ ይወርዳል። የአበባ ዝንብ እጭ እግር የለውም፤ እንደ ቀንድ አውጣ እየተሳበ ይሄዳል፤ በአጠገቡ እንደ ሬንጅ ያለ ጥቁር ነጠብጣብ ይታያል፤ የሚገኘውም ክሽክሽ መሐል ነው። ጥርጣሬ ካለ ብልቃጥ ውስጥ አስገብቶ መጠበቅ ነው። ከዚህ የተሻለ መምህር እኛ አላገኘንም።

ስለ መርጭ አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። ከገበያ በትንሽ ጠርሙስ፣ ምን እንደሆነ ሳይጻፍበት የሚሸጠውን የሚገዙ አሉ። ከልጆች ጤና አንጻር ያለው ጉዳት ብቻውን በቂ ምክንያት ነው። በዚያ ላይ መርጩ ክሽክሹንም ጠባቂውንም አንድ ላይ ይገድላል፤ ክሽክሽ ግን ያለ ወንድ የምትራባ፣ ልጆቿንም ሕያው አድርጋ የምትወልድ ስለሆነች ቀድማ የምትመለሰው እሷ ናት። ክሽክሹ ገና ጥቂት ሳለ ቅጠሉን በጣት አሽቶ በውኃ ማጠብ ይሻላል፤ እጩ ያለበትን ቅጠል ደግሞ መተው።

አሁን ዝንብን ከሌላው ስለ መለየት እንናገር። ንብና ተርብ አራት ክንፍ አላቸው፤ ዝንብ ሁለት ብቻ። የሳይንስ ስማቸው ዲፕቴራም በግሪክኛ ባለ ሁለት ክንፍ ማለት ነው። በኋለኛው ክንፍ ፋንታ ከበሮ መምቻ የመሰሉ ሁለት ጥቃቅን ነገሮች አሏቸው፤ በበረራ ጊዜ ሚዛን የሚጠብቁት በእነዚህ ነው። ትንኝ ላይ በደንብ ይታያሉ። አዎን፣ ትንኝም ከዝንብ ወገን ናት፤ ይህን በተናገርን ቁጥር ክርክር ስለሚነሣ ክርክሩን ለሻይ ሰዓት እናቆየው። በዓለም ላይ እስካሁን ስም የተሰጣቸው የዝንብ ዓይነቶች ከ150,000 በላይ ናቸው።

ነገር ግን ሕያው ነፍሳት ላይ ክንፍ መቁጠር ቀላል አይደለም፤ የንብ የፊትና የኋላ ክንፎች ተያይዘው አንድ ይመስላሉ። ስለዚህ ፊቷን እዩ። የዝንብ ዓይን አብዛኛውን ጭንቅላቷን ይይዛል፤ ቀንዷ እንደ ጉቶ አጭር ነው። የንብ ቀንድ ረዘም ብሎ የታጠፈ ነው። አበራረሯንም እዩ። የአበባ ዝንብ እንደ ሄሊኮፕተር አንድ ቦታ በአየር ላይ ትቆማለች፤ ድንገት ወደ ጎን ትወረወርና እንደገና ትቆማለች። ቢጫና ጥቁር የለበሰችው ንብ መስላ ለመፈራት ነው እንጂ መናደፊያ የላትም። ልጆቻችን በጫማ የሚያሳድዷት እሷን ነው፤ እባካችሁ ንገሯቸው።

ቧንቧው አጠገብ ውኃ በሚያቁርበት ጉድጓድ ውስጥ ባለ ጭራ ትል አይታችሁ የደነገጣችሁ አላችሁ። አንዳንዶችም ከምንጠጣው ውኃ የመጣ ነው ብላችሁ ለሰው ተናግራችኋል። እሱም የአንድ የአበባ ዝንብ ወገን እጭ ነው። የሚኖረው በገማ፣ በቆሸሸ ውኃ ውስጥ ነው። ጭራ የሚመስለው መተንፈሻው ሲሆን፣ እንደ ሬዲዮ አንቴና እየተሳበ እስከ ውኃው ፊት ይደርሳል፤ ከዚያ አየር ይስባል። ሲያድግ ንብ የሚመስል ወፍራም ዝንብ ይሆናል። በዚህ ወገን ውስጥ ዓይናቸው ነጠብጣብ ወይም መስመር ያለበት ዓይነቶች አሉ፤ በአጉሊ መነጽር ስታዩት እንደ ጥልፍ ነው። ትሉን መፍራት አያስፈልግም፤ ውኃው ማቆሩ ግን ለትንኝም የሚመች ስለሆነ ጉድጓዱ መደፈን አለበት።

ወደ ከባዱ ጉዳይ እንምጣ። በጓሮ ውስጥ ከምናገኛቸው ዝንቦች መካከል ቀርበን እንድንለያት የሚያስፈልገው በልጆች ዓይን ላይ የምታርፈው ናት። ሙስካ ሶርቤንስ ትባላለች። የቤት ዝንብን በጣም ስለምትመስል ሁለቱን አንድ አድርገን ስንጽፍ ቆይተናል። ልዩነቱ ከክንፎቿ መሐል፣ በትከሻዋ ላይ ነው። የቤት ዝንብ አራት ቀጫጭን ጥቁር መስመሮች አሏት፤ ይህችኛዋ ሁለት ሰፋፊ። የምትፈልገው ዓይናርና ንፍጥ ነው። ትራኮማ የሚያመጣው ባክቴሪያ ከሕፃን ወደ ሕፃን የሚሄደው በእጅ፣ በፊት መጥረጊያ ጨርቅና በዚህች ዝንብ አማካይነት ነው። አገራችን ኢትዮጵያ ትራኮማ እጅግ ከበዛባቸው አገሮች አንዷ ስለሆነች፣ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ታጥፎ ዓይኑን የሚቧጥጠው ሰው ምን እንደሚሠቃይ በቤተሰቡ ያላየ ጥቂት ነው።

ይህች ዝንብ በዋነኛነት የምትፈለፈለው ሜዳ ላይ ከተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ነው። ጉድጓድ መጸዳጃ ውስጥ አትራባም፤ እዚያ የምታዩዋቸው ሌሎች ናቸው። ጋምቢያ ውስጥ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመ ጥናት፣ መጸዳጃ በተሠራባቸው መንደሮች በልጆች ዓይን ላይ የተያዙት እነዚህ ዝንቦች በ30 በመቶ ቀንሰው ተገኝተዋል።

ይህን የምንነግራችሁ ከደብተራችን ጋር ስለሚገናኝ ነው። ከምንመዘግብባቸው ጓሮዎች በአንደኛው ባለ ሁለት መስመሯ ዝንብ ከሌሎቹ ይልቅ ደጋግማ ተጻፈች። ለምን? ብለን ስንዞር፣ ከአጥሩ ጀርባ ትንንሽ ልጆች የሚቀመጡበት ቦታ አገኘን። ማንንም ለማሳፈር አይደለም፤ ሌሊት ሕፃን ይዞ ሩቅ መጸዳጃ መሄድ ምን እንደሆነ እናውቃለን። የቤቱ ባለቤቶች ፖፖ አዘጋጅተው ወደ መጸዳጃ መድፋት ጀምረዋል። ዝንቧ ቀንሳለች ለማለት ግን ገና ነው፤ አንድ ሙሉ የዝናብ ወቅት መመዝገብ አለብን።

የዱባና የሐብሐብ ነገር ባጭሩ። ፍሬው ላይ እንደ መርፌ የተወጋ ነጥብ ታዩና ሲቆረጥ ውስጡ ትል ነው። የፍሬ ዝንብ ናት። የተበላሸውን ፍሬ ብስባሽ ላይ አትጣሉት፤ በፌስታል አጥብቃችሁ ቋጥራችሁ ፀሐይ ላይ አኑሩት፣ በካኩማ ፀሐይ ብዙ አይቆይም። የፍሬ ዝንብን ካነሣን ስለ ስም አንድ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ2003 ኬንያ ውስጥ በማንጎ ላይ አዲስ መጤ ዝንብ ተገኘች። በ2005 ሊቃውንቱ ከዚህ በፊት ያልታወቀች ናት ብለው ባክትሮሴራ ኢንቫደንስ የሚል ስም ሰጧት። በ2015 ደግሞ፣ በብዙ ምርመራ፣ ከእስያ የምትታወቀው ባክትሮሴራ ዶርሳሊስ ራሷ መሆኗ ስለተረጋገጠ ስሙ ተሠረዘ። ምሁራን አሥር ዓመት ፈጅተው ስም ሲያርሙ ካየን በኋላ፣ «የጎመን ትል» ብለን የጻፍነውን መሠረዝ ያን ያህል አላሳፈረንም።

ስንሠርዝ ግን ገጹን አልቀደድንም። በአንድ መስመር ሠርዘን፣ ከጎኑ ትክክለኛውንና የታረመበትን ቀን ጻፍን። የመጀመሪያው ስሕተት እንዲነበብ ሆኖ መቅረት አለበት፤ ያለዚያ ያን ወር ለምን ክሽክሽ እንደበዛ ኋላ የሚያነበው ሰው ሊያውቅ አይችልም።

በደብተሩ ላይ የሚጻፈው ብዙ አይደለም። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የማን ጓሮ እንደሆነ፣ በምን ተክል ላይ፣ ምን ስታደርግ እንደታየች፣ ስንት እንደሆኑ፣ ያየው ማን እንደሆነ። ሙቀቱንና ንፋሱን በአንድ ቃል። በጣም የሚረሳው ምን ስታደርግ የሚለው ነው። «ባሚያ ላይ ዝንብ» ብሎ መጻፍ ለማንም አይጠቅምም፤ «ባሚያ አበባ ላይ ቆማ ብናኝ ስትልስ» ወይም «እንጨት ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሌላ ዝንብ በአየር ላይ ይዛ ተመለሰች» ሲባል ግን የማታውቃትን ዝንብ ግማሽ መንገድ አውቀሃታል። የኋለኛዋ አዳኝ ዝንብ ናት፤ ጢማም ፊት አላት። እኛ በጣም ነው የምንወዳት።

ቀንን በተመለከተ አንድ ዓመት ሙሉ ተሳስተናል። ከእኛ አንዱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲጽፍ፣ ሌላው በፈረንጅ ይጽፍና ኤፕሪልን ሚያዝያ ይለዋል። ሚያዝያ 10 ግን ኤፕሪል 18 ነው። ስለዚህ ሁለታችንም በአንድ ጠዋት፣ በአንድ ጓሮ ያየነው የአበባ ዝንብ መንጋ በስምንት ቀን ልዩነት ሁለት ጊዜ እንደመጣ ሆኖ ተመዘገበ። ሁለት ጊዜ ይመጣሉ ብለን ለሰው ሁሉ ስናወራ ከረምን! ዛሬ ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን እንጽፋለን፤ ዓመቱንም ጭምር። ሰዓት ላይ ያስቸገረን የስልኩ ሰዓት ብቻ ነው፤ የስዋሂሊ ተናጋሪ ጎረቤቶቻችን እንደ እኛው ጠዋት ሦስት ሰዓት ስለሚሉ ከእነሱ ጋር ተግባብተናል።

ስልክ ያለው ሰው ፎቶግራፍ ቢያነሣ መልካም ነው። ዝንቧን በብልቃጥ ይዞ ጥላ ውስጥ ጥቂት ማቆየት፣ ከዚያ ሦስት ጊዜ ማንሣት፦ ከላይ፣ ከጎን፣ ከፊት። ከዚያ ትለቀቃለች። በፎቶግራፍ የማይለዩ ብዙ ናቸው። በአፍሪካ ሰፊ ክፍል የሚገኝ፣ ክሽክሽ በመብላት የታወቀ፣ ኢስኪዮዶን ኢጂፕቲየስ የሚባል የአበባ ዝንብ አለ፤ የእኛዋን እሷ ናት ለማለት እጃችን ብዙ ጊዜ ቃጥቶ ነበር። ደብተሩ ላይ ያለው ግን «የአበባ ዝንብ፣ ዓይነቷ ያልተለየ» የሚል ነው። ከእኛ መካከል ወጣቶቹ ይህን አይወዱም፤ ባዶ ቦታ ይመስላቸዋል። የተሳሳተ ስም ያለበትን ገጽ ዋጋ የከፈሉት እናት ግን ይወዱታል።

ተራ ጓሮ ውስጥ ምን ይገኛል ለምትሉ፣ ጄኒፈር ኦወን የተባሉ እንግሊዛዊት የሥነ እንስሳት ምሁር ነበሩ። እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ ለ30 ዓመታት ሌስተር በምትባል ከተማ በመኖሪያ ቤታቸው ጓሮ ውስጥ ያዩትን ሁሉ መዘገቡ። እርሻም ደንም አይደለም፤ ጎረቤት በግራና በቀኝ ያለው የከተማ ጓሮ ነው። 2,673 ዓይነት ተክልና እንስሳ ጻፉ፤ ከእነዚህ 1,997ቱ ነፍሳት ነበሩ። በሽታ ይዟቸው መራመድ ሲያቅታቸው እንኳ አላቋረጡም። እኛ እስካሁን የለየነው ከዚያ ጋር አይወዳደርም። ነገር ግን 30 ዓመት ብንልም የሚገርመው እዚህ የለም፤ ይህ ካምፕ ከተቋቋመ ከ1992 ጀምሮ ቢቆጠር ከዚያ አልፏል። ያኔ አንድ ሰው ደብተር ይዞ ቢጀምር ኖሮ እያልን አንዳንዴ እንቆጫለን።

የምንጠይቃችሁ ሁለት ነገር አለ። አንደኛው፣ ደብተር ቁጥር 2 የለም። ይዞት የነበረው ወንድማችን ወደ ሦስተኛ አገር የመሄጃው ቀን ድንገት ደረሰና ከሻንጣው ጋር አብሮ ሄደ። አልተቀየምነውም፤ በዚያ ጥድፊያ ማን ስለ ዝንብ ያስባል። ዘመዶቹ እዚህ ካላችሁ ገጾቹን በስልክ ፎቶ አንሥቶ እንዲልክልን ንገሩልን። ከእንግዲህም የጉዞ ወሬ የሰማ መዝጋቢ ሻንጣ ከማዘጋጀቱ በፊት ደብተሩን ለጎረቤቱ ያስረክብ።

ሁለተኛው፣ ኩንዴና ባሚያ የዘራችሁ ጓሯችሁን እንድናይ ፍቀዱልን። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ ሙቀቱ ሳይበረታ እንዞራለን። ምንም አንነካም፤ ምንም አስለቅሙ አንልም። ልጆች ክዳን ያለው ብልቃጥ ይዘው ቢመጡ ደስ ይለናል።

እኚያ እናት ዛሬም እዚሁ ከመካከላችሁ ተቀምጠዋል፤ ስሜ አይጠራ ስላሉ አንጠራም። ብልቃጣቸው ጠረጴዛው ላይ ያለው ነው። ውስጡ ያለው ትል ከትናንት በስቲያ ከኩንዴ ቅጠል ላይ የተገኘ ነው፤ ከዚህ በፊት ከጻፍናቸው አንዱንም አይመስልም። ስትወጡ ጎንበስ ብላችሁ እዩት፤ ጨርቁን ግን አትፍቱት።